ሊንከንን ሳያዩ ስለ እንግሊዝ ካቴድራሎች መፍረድ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ሰሞኑን በጉዞ ዓምዳችሁ ላይ ስለ እንግሊዝ ካቴድራሎች የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ለንደንን ዞር ዞር ብለው አይተው፣ የዚህ አገር ጥንታዊ ሕንፃ ሁሉ ቲኬት እየተቆረጠ የሚጎበኝ ባዶ ቤት ሆኗል ብለው ደምድመዋል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን ለንደንን ብቻ ያየ ሰው ወሬ ነው፤ አይቀየሙኝ። እኔ የምኖረው ሊንከን ነው። ፕሬዚዳንቱን አይደለም የምላችሁ፤ ከለንደን ወደ ሰሜን በባቡር ሁለት ሰዓት ገደማ የሚያስኬደውን ከተማ ነው። ሥራዬ የከተማ አውቶቡስ መንዳት ነው። ታሪክ ተምሬ አይደለም የምጽፍላችሁ። ግን መሪ ይዞ ቀኑን ሙሉ አንድ ከተማ ውስጥ ሲዞር የሚውል ሰው አይቶ አይቶ የሚያውቀው ነገር አለ። የቀረውን ተሳፋሪ ያስተምራል፣ በተለይ ጡረታ የወጡት አዛውንቶች፤ ስለ ከተማቸው ማውራት ከጀመሩ መውረጃቸውን ሁሉ ያልፋሉ።

ልላችሁ የፈለግሁት አጭር ነው፣ ደብዳቤው ግን ይረዝማል፤ ታገሡኝ። እዚህ ከተማ አሮጌ ሕንፃ ጡረታ አይወጣም። አንዱ ፍርድ ቤት ነው፣ አንዱ ካፌ ነው፣ አንዱ የመኪና መንገድ ነው፣ ትልቁ ደግሞ በየቀኑ የሚጸለይበት ቤተ ክርስቲያን ነው። እስከ ዛሬ የቆሙትም ለዚህ ይመስለኛል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ።

ከታች፣ ከወንዙ ልነሳ። ሃይ ስትሪት የሚባለው ዋናው የገበያ መንገድ የዊተምን ወንዝ ያቋርጣል። እዚያ ከሚተላለፈው ሰው ብዙው ድልድይ ላይ መሆኑን ልብ የሚል አይመስለኝም፤ በአንድ በኩል ሙሉ ቤት ተሠርቶበት ወንዙን ጋርዶታል። ድልድዩ የተሠራው በ1160 ገደማ ነው። ላዩ ላይ የቆመው ጥቁርና ነጭ የእንጨት ቤት ደግሞ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ብሪታንያ ውስጥ እስከ ዛሬ ቤት ተሸክመው ከሚገኙ ድልድዮች በዕድሜ የሚበልጠው የለም። ታዲያ ይህን ቤት ምን አደረጉት? ካፌ። ሰው ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ፣ ኬኩን ቆርሶ፣ ስልኩን እየነካካ ይቀመጣል፤ ከሥሩ ከ860 ዓመት በላይ የሆነው ድንጋይ አለ፣ ከድንጋዩ ሥር ውሃ ይሄዳል። ቡናው እንኳን፣ እውነቱን ለመናገር፣ እናቴ ብትቀምሰው «ይሄ ደግሞ የምን እጣቢ ነው?» ትል ነበር።

በጎን ባለው መውረጃ ወርዳችሁ ውሃው ዳር ብትቆሙ ደግሞ ሌላ ነገር ይታያችኋል። ዝቅ ያለ፣ የጠቆረ፣ እርጥበት የጠገበ የድንጋይ ቅስት አለ። ከቅስቱ በላይ ያ የእንጨት ቤት ጣሪያው ሹል ሹል ብሎ ተደርድሯል። ከሥር ስዋን የሚሏቸው አንገተ ረጃጅም ነጭ ወፎች ይንሳፈፋሉ። የዳቦ ፍርፋሪ ካያችሁ በእጃችሁ አትያዙ፤ መልካቸው እንደ መልአክ ነው፣ ጠባያቸው ሌላ ነው። ወንዙ ወደ ድልድዩ የሚመጣው ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው፣ ብሬይፎርድ ከሚባለው የውሃ ገንዳ ነው። ሮማውያን ወደብ አድርገውት የነበረ ቦታ ነው፤ ዛሬ ዳር ዳሩን ዩኒቨርሲቲው፣ ሲኒማ ቤቱና ምግብ ቤቱ ከቦታል።

ከድልድዩ ወደ ላይ ትንሽ እንደሄዳችሁ ስቶንቦው የሚባል የድንጋይ በር መንገዱን ገትሮ ይይዛል። የገበያተኛው ጎርፍ በሙሉ በሥሩ ነው የሚያልፈው፤ ፌስታል የያዘ፣ ጋሪ የሚገፋ፣ ተማሪው፣ ሰካራሙ። ከበሩ በላይ የከተማው ምክር ቤት የሚሰበሰብበት አዳራሽ አለ። ስብሰባ ሊጀመር ሲል የሚደወለው ደወል በ1371 የተሠራ ነው። እኛ የዕድር ስብሰባ በቴሌግራም ጠርተን እንኳ ሰው በሰዓቱ አይመጣም።

ከዚያ ዳገቱ ይጀምራል። ሊንከን ሁለት ከተማ ነው ማለት ይቻላል፤ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። የላዩ ሰው ትንሽ ኮራ ይላል፣ የታቹ ሰው ደግሞ «እዚያ ላይ ማን ይወጣል» ይላል። የሚያገናኛቸው ስቲፕ ሂል የሚባል፣ መኪና የማይወጣው፣ ድንጋይ የተነጠፈበት ቀጥ ያለ ዳገት ነው። የብረት መደገፊያ አለው፤ ለጌጥ እንዳይመስላችሁ። ግራና ቀኙ የመጽሐፍ ሱቅ፣ የሻይ ቤት፣ የአሮጌ ዕቃ መሸጫ ነው። እኔ ከአውቶቡሱ ጋር በሌላ በኩል፣ በሊንደም ዳገት ነው የምወጣው፤ በእረፍት ቀኔ ግን በእግሬ እወጣዋለሁ። መሃል ላይ ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብ ሰው አይጠፋም፤ ሁሉም ግን የቆመው የሱቅ መስኮት ለማየት ነው የሚመስለው።

ከዳገቱ ግርጌ ትንሽ ከፍ እንዳላችሁ የአይሁዶቹ ቤት የሚባለውን ታገኛላችሁ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ቤት ነው። እንግሊዝ ውስጥ ሰው ከሚኖርባቸው ከተሞች እስከ ዛሬ ከተረፉት የድንጋይ መኖሪያ ቤቶች መካከል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ምግብ ቤት ሆኖም ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። የበሩን አናት ቀና ብላችሁ እዩት። ጥርብ ድንጋዩ እንደ ሹሩባ ተጎንጉኖ ግማሽ ክብ ሠርቷል፤ ብዙው ተበልቷል፣ ግን ጠራቢው የቱጋ መሮውን እንዳዞረ አሁንም ይለያል። የዚያን ጊዜ ሊንከን ብዙ አይሁድ ይኖሩባት ነበር። አሮን የሚባለው የሊንከን ሰው በዘመኑ ከእንግሊዝ ባለጠጎች የሚስተካከለው አልነበረም ይባላል። ለገዳማትም ለመኳንንትም ያበድር ነበር፣ ስንቱ የድንጋይ ግንብ በእሱ ብድር ቆሟል። በ1186 ሲሞት ንጉሡ ሀብቱን ወረሰ። ብድሩ ከመብዛቱ የተነሳ እሱን ብቻ የሚሰበስብ ልዩ የሒሳብ ክፍል ማቋቋም ግድ ሆነ። የአይሁዶቹን ነገር በልባችሁ ያዙልኝ፣ ወደ ታች እመለስበታለሁ።

አሁን ካቴድራሉ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ መንገድ የሚጠቁመው በእሱ ነው። ከሩቅ፣ ከሜዳው፣ በጭጋግ እንኳ ይታያል። እንግሊዝን በጦር የያዘው ንጉሥ፣ አሸናፊው ዊልያም፣ ምሽጉን በ1068 አሠራ፣ ካቴድራሉ በ1072 ተጀመረ፣ በ1092 ተባረከ። በ1185 የመሬት መንቀጥቀጥ መጣና ብዙውን ጣለው። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ተረፈ። ያኔ ነው ሂዩ የሚባለው መነኩሴ ጳጳስ ሆኖ የመጣው። ትውልዱ ፈረንሳይ ነው። ሥራውን በ1192 እንደ አዲስ አስጀመረ፤ ራሱም በትከሻው ድንጋይ ተሸክሟል ይላሉ። እግረ መንገዴን፦ ላሊበላ ላይ እነዚያ አብያተ ክርስቲያናት ከአለት ይፈለፈሉ ነበር የሚባለው በዚሁ ዘመን ነው። እዚህ ወደ ላይ ይክባሉ፣ እዚያ ወደ ታች ይፈለፍላሉ። የታሪክ ሰዎች ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።

ይህ ሂዩ ኋላ ቅዱስ ተብሏል። እሱን በሚያሳየው ሥዕል ሁሉ አጠገቡ አንድ ስዋን አለ፤ ወፏ ከእሱ በቀር ማንንም አታስጠጋም ነበር፣ እሱ ሲመጣ ግን ከእጁ ትበላ ነበር ይላሉ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ከአንበሳና ከነብር ጋር እያየ ላደገ ሐበሻ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1200 ሲሞት ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ንጉሥ ጆን ነበር። የሊንከን አይሁዶችም ቀብሩ ላይ ወጥተው አልቅሰውለታል፤ ሕዝብ ሲነሳባቸው ያስጣላቸው እሱ ነበርና።

የመሃሉ ማማ ላይ በ1311 እንጨትና እርሳስ የለበሰ ሹል ጫፍ ጨመሩበት። በቁመቱ 160 ሜትር ገደማ ደርሶ የግብፅን ታላቁን ፒራሚድ በልጦ ነበር ይባላል። ከ200 ዓመት በላይ በዓለም ረጅሙ ሕንፃ ነበር ማለት ነው። በ1548 ወደቀ። መልሶ የሠራው የለም። የዛሬው ማማ 83 ሜትር ነው፣ እሱም ቀና ሲሉት አንገት ያሳምማል። የፊቶቹ ሁለት ማማዎችም የየራሳቸው ሹል ጫፍ ነበራቸው። በ1726 የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊዎች እነዚህን ሊያነሱ ሲሉ የከተማው ሰው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ አስቆማቸው። ሥራውም ቀረ። ኋላ በ1807 ግን ማንም ሳይቆጣ ተነሡ። ያንን የ1726 ወሬ የነገሩኝ አንዲት አሮጊት ናቸው፤ ትናንት የሆነ ይመስል «አልፈቀድንላቸውም» ነው ያሉኝ። አልፈቀድንላቸውም! ሙዚየም ስለሆነ ሕንፃ ሰው እንዲህ ያወራል?

ውስጡ ስትገቡ ብርሃኑን እዩ። በሰሜንና በደቡብ ሁለት ክብ ትልልቅ መስኮቶች ትይዩ ተቀምጠዋል። የሰሜኑ የዲኑ፣ ማለትም የካቴድራሉ አስተዳዳሪ፣ ዓይን ይባላል፣ የደቡቡ የጳጳሱ ዓይን። የሰሜኑ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ባለቀለም መስታወቱን ብዙውን እንደያዘ ነው። የደቡቡ ነው እኔን የሚያስገርመኝ። ድንጋዩ እንደ ቅጠል ጅማት ተጠላልፎ የተቀረጸ ነው፤ መስታወቱ ግን ሥዕል የለውም። ከካቴድራሉ ከተለያየ ቦታ የተሰበሰበ የድሮ ስብርባሪ ነው፤ እዚህ የቅዱስ እጅ፣ እዚያ የልብስ ጫፍ፣ አንድ ፊደል፣ ሰማያዊ ቁራጭ። የተሰበረውን ሰብስበው፣ ትርጉም ይስጥ አይስጥ ሳይጨነቁ ገጣጠሙት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ከወጣች፣ የምትወጣበት ቀን ሲገኝ ማለቴ ነው፣ ወለሉ ላይ ቀዩና ሰማያዊው ይደፋል። ከመግቢያው ብዙም ሳትርቁ ደግሞ ጥቁር የክርስትና ማጥመቂያ ገንዳ አለ። የ12ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዛሬዋ ቤልጂየም ነው የመጣው። ጎንና ጎኑን አንበሳ ይሁን ዘንዶ የማይለይ አውሬ ተቀርጾበታል። የሕፃን ክርስትና ዛሬም አልቀረም።

ወደ ውስጥ ዘልቃችሁ የመላእክት መዘምራን ከሚባለው ክፍል ስትደርሱ ከአንዱ አምድ አናት ላይ የሊንከን ኢምፕ አለ። ትንሽዬ ጋኔን ነው፣ እግሩን አጣምሮ ተቀምጦ ይስቃል። ሰይጣን ሁለት ግልገሎቹን ላከ፤ ገብተው ወንበር ሰበሩ፣ ጳጳሱን አወኩ። መልአክ መጥቶ አንዱን ድንጋይ አደረገው፣ አንዱ አመለጠ ይላሉ። በዚያ ሁሉ መላእክት መካከል ሰው የሚፈልገው እሱን ነው። የከተማው ኳስ ቡድን ቅጽል ስም ኢምፕስ ነው። የበር ማንኳኪያው እሱ ነው፣ የቁልፍ መያዣው እሱ ነው። እኔ ለአንድ ወር ግድም ስፈልገው አጣሁት፤ በኋላ አንዲት ሕፃን ልጅ በጣቷ አሳየችኝ።

አሁን ወደ አይሁዶቹ ልመለስ። ቅዱስ ሂዩ በሞተ በ55 ዓመቱ፣ በ1255፣ ሂዩ የሚባል አንድ ትንሽ ልጅ ጠፋ፣ ሬሳው ጉድጓድ ውስጥ ተገኘ። ክርስቲያን ልጅ አርደው ነው ብለው በአይሁዶች አሳበቡ። ኮፒን የሚባለውን ሰው ነፍስህን እናተርፍልሃለን ብለው አስናዘዙት፤ ንጉሥ ሄንሪ ሦስተኛ መጣና አስገደለው። ወደ 90 የሚሆኑት ታስረው ለንደን ተወሰዱ፣ 18ቱ ተሰቀሉ። ንብረታቸውን ማን ወሰደው? ንጉሡ። ልጁ ደግሞ ካቴድራሉ ውስጥ ተቀብሮ እንደ ሰማዕት ተሳላሚ መጣለት፣ ስለትም ገባ። በ1290 አይሁድ በሙሉ ከእንግሊዝ ተባረሩ፤ ከ350 ዓመት በላይ አልተመለሱም።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት ከየት መሰላችሁ? ከዚያው ከካቴድራሉ ግድግዳ ነው። የልጁ መቃብር ባለበት በ1955 ጽሑፍ ሰቀሉ። ወሬው የፈጠራ እንደነበር፣ ስንት ንጹሕ ሰው ሕይወቱን እንዳጣበት፣ ይህም ለክርስትና ክብር እንደማይሆን ይናገራል፤ ከዚያም ጌታ ሆይ የነበርነውን ይቅር በል ብሎ ይጸልያል። መቃብሩን አላፈረሱም፣ ታሪኩንም አልደበቁም። ጎብኚ ሊያደንቃቸው በመጣበት በዚያው ቤት የአያቶቻቸውን ወንጀል ጽፈው አኖሩለት። የእናንተ ጸሐፊ ስለ ባዶ ቤት ከማውራታቸው በፊት እዚያ መቃብር ፊት አምስት ደቂቃ ቢቆሙ ደስ ይለኝ ነበር። 700 ዓመት ዘገዩ ብትሉኝ ትክክል ናችሁ፣ አልከራከርም።

ትንሽ ራቅ ብሎ የአየር ኃይል ሰዎች ጸሎት ቤት አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይህ አካባቢ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ማረፊያ ሞልቶበት ነበር። ሌሊት ጀርመን ሄደው የሚመለሱት አብራሪዎች ካቴድራሉን ከሩቅ ሲያዩ ቤት ደረስን ይሉ ነበር። ያልተመለሱት ስማቸው በትልልቅ መጽሐፍ ተጽፎ እዚያ ተቀምጧል፣ በሺዎች ነው። ታንክም የተወለደው እዚሁ ነው፤ በ1915፣ የእርሻ መሣሪያ ይሠራ በነበረ ፋብሪካ። መሐንዲሶቹ ንድፉ ላይ የመከሩበት ሆቴል ከካቴድራሉ አጠገብ ነው። ትሪተን መንገድ አደባባይ ላይ የታንክ መልክ ያለው መታሰቢያ ቆሟል፤ እኔ በሥራ መውጫ ሰዓት የማየው ግን ከኋላው የተሰለፈውን መኪና ነው።

ምሽጉን በአጭሩ። ከካቴድራሉ ፊት ለፊት ነው፣ አንድ አደባባይ ብቻ ይለያቸዋል። በ1217 ፈረንሳዮችና ያመፁት መኳንንት ከበውት ኒኮላ ደ ላ ሄይ የምትባል ባልቴት አልሰጥም ብላ ይዛው ቆየች። ስሟን ለልጆቻችሁ ንገሩ። ማግና ካርታ፣ ያ የ1215ቱ ንጉሥም ከሕግ በታች ነው የሚለው ሰነድ፣ ከቀሩት አራት ቅጂዎች አንዱ የካቴድራሉ ነው፤ የሚታየው ምሽጉ ውስጥ ነው። ጀርባው ላይ የሊንከን ስም በላቲን ተጽፎበታል። በ1939 ኒው ዮርክ ለኤግዚቢሽን ሄዶ ጦርነት ስለተነሣ መመለሻ አጣ፤ ለጊዜው ፎርት ኖክስ ከአሜሪካ ወርቅ ጋር አስቀመጡት። እዚያው ግቢ ውስጥ የ19ኛው ክፍለ ዘመን እስር ቤት አለ። የጸሎት ቤቱን ግቡና እዩ። እያንዳንዱ እስረኛ ለብቻው እንደ ቁም ሣጥን በጠበበ የእንጨት ክፍል ሆኖ ሰባኪውን ብቻ እንዲያይ ነው የተሠራው። አጠገቡ ያለውን ሰው አያይም። ጨካኝ ሥራ ነው። ግን እዚያው ግቢ ውስጥ ከ1826 ጀምሮ ፍርድ ቤቱ ይሠራል፣ ዛሬም። ቱሪስቱ አይስክሬም ይዞ በቅጥሩ ላይ ሲዞር፣ ከታች ክራቫት ያሰረ ጠበቃ ፋይሉን አቅፎ ይሮጣል፤ አንዲት እናት ደግሞ ልጇ ምን እንደተፈረደበት ለማወቅ ደረጃው ላይ ትጠብቃለች።

ከዚያ ቤይልጌትን ይዛችሁ ወደ ሰሜን ሂዱ። አስፋልቱ ላይ ክብ ክብ የድንጋይ ምልክት ታያላችሁ፤ የሮማውያኑ አደባባይ አምዶች የቆሙበት ነው፣ መኪናው በላዩ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ኒውፖርት ቅስት አለ። ሮማውያን የሠሩት የከተማ በር ነው፣ 3ኛው ክፍለ ዘመን ይሉታል። በመላው ብሪታንያ እስከ ዛሬ መኪና የሚተላለፍበት የሮማ በር ይሄ ብቻ ነው። ደንዳና ድንክ ይመስላል፤ እግሩ ከመንገዱ በታች ሁለት ሜትር ያህል ተቀብሮ ነው። እንግዲህ በ1964 አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ያልፋል ብሎ ገባበት፣ ተሰነገ፤ ድንጋዩን አውርደው መልሰው መካብ ነበረባቸው። ሰው ይማራል ትላላችሁ። በ2004 ሌላ ደገመው። ይህን ሲያወሩ ተሳፋሪዎቼ እኔን ነው የሚያዩት፣ ሹፌር ሁሉ ዘመዴ ይመስል። አንዳንድ አገር ቢሆን ከመጀመሪያው ግጭት በኋላ ለትራፊክ ያስቸግራል ተብሎ ይፈርስ ነበር። እነዚህ መንገዱን አልዘጉም፣ በሩንም አላነሡም።

አሁን ጸሐፊው ወዳነሡት ወደ ገንዘቡ ልምጣ። እውነት ነው፣ ካቴድራሉን ለመጎብኘት ይከፈላል። ጫማ አውልቆ፣ መሬት ስሞ የሚገባ የእኛ ሰው የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የካርድ ማሽን ሲያይ ይደነግጣል፤ እኔም ደንግጫለሁ፣ አሁንም ደስ አይለኝም። ግን መንግሥት ለእነዚህ ካቴድራሎች የዕለት ወጪ አይሰጥም። ድንጋዩ የአካባቢው የኖራ ድንጋይ ነው፣ ዝናብና ውርጭ ይበላዋል። ካቴድራሉ የራሱ ድንጋይ ጠራቢዎች፣ የራሱ መስታወት ሠሪዎች፣ የራሱ አናጢዎች አሉት፤ ድንጋይ የሚያወጡበት ካባ ሳይቀር የራሱ ነው። በአንድ በኩል ጠግነው ሳይጨርሱ በሌላ በኩል ይጀምራል። ወጣቶች ሙያውን እዚያው እየተለማመዱ ይማራሉ። የአንዱን አሮጌ ቅርጽ አፍንጫ ለመተካት ሳምንታት የሚቀመጥ ልጅ ደመወዝ ያስፈልገዋል።

ለጸሎት ሰዓት የሚገባ ሰው ደግሞ አይከፍልም። ይህን ነው ጸሐፊያችሁ የዘለሉት። አመሻሽ ላይ ኢቭንሶንግ የሚሉት የዜማ ጸሎት አለ። ሕፃናቱና ጎልማሶቹ መዘምራን ፊት ለፊት ተቀምጠው ይቀባበላሉ፤ የእኛን ግራ ጌታና ቀኝ ጌታ ለሚያውቅ ሰው አቀማመጡ ራሱ ይገባዋል። ከበሮና ጸናጽል የለም፣ ኦርጋን ነው። በ1560ዎቹ እዚያ ኦርጋን ይመታ የነበረው ዊልያም በርድ ዜማ አበዛህ ተብሎ ተቆጥተውት ነበር አሉ። አንዳንድ ቀን ከምእመኑ መዘምራኑ ይበዛሉ፣ አልዋሻችሁም። እሁድ ሙሉ ነው አልልም። ሆኖም ሰው መጣ አልመጣ ጸሎቱ አይታጎልም፣ ይህ ደግሞ ከየትኛውም ሙዚየም ጋር አይገጥምም።

ከተማዋን ገነት አድርጌ እንዳልሸጥላችሁ። ሃይ ስትሪት ላይ የተዘጉ ሱቆች አሉ። በ1982 ተጀምሮ ሰው ከየአገሩ ይጎርፍለት የነበረውን የገና ገበያ ማዘጋጃ ቤቱ በ2023 አስቀርቶታል፤ ሕዝቡ በጠባቡ ዳገት ላይ ከመጠን አለፈ፣ አደጋ ይመጣል ብሎ። ነጋዴው እስከ ዛሬ ያጉረመርማል። እኔ በበኩሌ የዚያን ሳምንት መንገድ የነዳ ሰው ነኝና አልናፈቀኝም። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ሴጅ የሚባል ቅጠል የገባበት የአሳማ ቋሊማ ነው፤ ለእኛ አይሆንም፣ አልቀመስኩትም። ዘቢብ የገባበት ዳቧቸው ግን ከሻይ ጋር ግሩም ነው።

ለአንባቢዎቻችሁ የሚጠቅም ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ከለንደን ኪንግስ ክሮስ የሚነሳው ባቡር አንዳንዱ ቀጥታ ያመጣችኋል፣ አንዳንዱ ኒዋርክ ላይ ያስቀይራል፤ ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ፣ በዕለቱ ከሆነ ኪስ ይገለብጣል። ጉልበት የሚያማችሁ ዳገቱን በአውቶቡስ ውጡና በእግር ውረዱ። ዝናብ ከጣለ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ሶሉ ሙልጭ ያለ ጫማ ይዛችሁ እንዳትመጡ። ካቴድራሉ ውስጥ በሐምሌም ይበርዳልና ነጠላ ብቻ አያዋጣም፤ ወፈር ያለ ጃኬት ያዙ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከሊንከን